የቀሚስ እርምጃ

ዓይን ሰሙን
ሐሙስ፣ ኦገስት 16 ቀን 2018፣ የእመቤታችን በዓል ማግስት

ውድ ባለቤቴ ጋጣስ፣

«የቤቴ ምሰሶ» ብዬ ልጀምር አስቤ ነበር። ነገር ግን ምሰሶው ዱባይ ሄዶ ጣሪያው እስካሁን አለመውደቁን ሰው ቢሰማ ለምሰሶው ክብር ጥሩ አይደለም ብዬ ተውኩት።

ጉልበትህ እንዴት ነው? «የስፖርተኛ ጤና ከጉልበት ይጀምራል» እያልክ በስልክ ስታስተምር ስለሰማሁ ሰላምታዬንም ከዚያው ጀመርኩ። የእኔ የግራ ጉልበት ዛሬ ዱባ አክሏል። ወንበር ላይ ሰቅዬው፣ በረዶ ጭኜበት፣ እንደ እንግዳ እያስተናገድኩት ነው የምጽፍልህ። ያበጠበትን ምክንያት ወደ ታች ስትወርድ ታገኘዋለህ፤ በሕይወቴ እንደዚህ ያኮራኝ እብጠት የለም።

እናትህ ደህና ናት። ጆሮዋ ግን ጨርሶ ሄዷል። የቤተ ክርስቲያኑ ደወል አናቷ ላይ ቢወድቅ «ማነው በር የሚያንኳኳው?» ነው የምትለው። ስላንተ ትጠይቀኛለች። «ልጄ መቼ ነው የሚመጣው?» ስትለኝ «ሥራው ለስድስት ወር ነው፣ ኡም ጋጣስ፣ ሊያልቅ ነው» ብዬ ጆሮዋ ሥር እጮኻለሁ። ዘጠነኛ ዓመቱን የያዘ ስድስት ወር በዓለም ላይ የእኛ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

እንግዲህ ወደ ቁም ነገሩ። ትናንት የበዓሉ ጨዋታ ነበር። አካዳሚህ ተሸንፏል፤ ያሸነፍኩት እኔ ነኝ። የእህትህ ልጅ ዊሳም ይህን ደውሎ ካልነገረህ፣ ስልኩን አጥፍቶ እናቱ ቤት አንሶላ ተከናንቦ ስለተኛ ነው። ስለዚህ እኔው ከሥሩ ልንገርህ። መጨረሻው ላይ ላንተ ብቻ ያስቀመጥኩልህ ስጦታ አለ። ወደ ታች ዘለህ እንዳታነብ። ደብዳቤን ከጅራቱ የመጀመር ዓመልህን አውቀዋለሁ።

ዊሳም በሰኔ መጣ። ከመኪናው ጣሪያ ላይ የተጠቀለለ ነገር ሲያወርድ ምንጣፍ መስሎኝ ነበር። ሲዘረጋው አንተ ነህ። የቤተ ክርስቲያኑን ግድግዳ ግማሽ የሚሸፍን ሸራ፤ ጢምህ ተከርክሞ፣ ክንድህ ተጣጥፎ፣ ጥርስህ እንደ አዲስ መታጠቢያ ቤት ነጥቶ። ከሥርህ «የኮች ጋስ አካዳሚ፤ ቅርጫት ኳስ ለሁሉም ደረጃ» ይላል፤ ጋጣስ አጥሮ «ጋስ» ሆኗል። እናትህ ሸራውን ስማ አለቀሰች። እኔም ዓይኔን ጠረግሁ፤ አቧራ ነበር።

በማግስቱ ዊሳም የቤተ ክርስቲያኑን ኮሚቴ በአባ ኢስጢፋን በረንዳ ላይ ሰበሰበ። የሜዳው ቁልፍ ለአካዳሚው ይሰጠው አለ። ወለሉ ይታደሳል፣ መስመሩ ይቀባል፣ ተመዝግቦ መለያ የለበሰ ብቻ ይገባል። እኔና ከሰዓት በኋላ የማሰለጥናቸው ሰዎቼስ? «አክስቴ ኖሃድ፣ ዘመኑ ተለውጧል» አለኝ። «አሁን ተጫዋች የሚሰለጥነው በመረጃ ነው።»

«እኛስ እስካሁን በምንድን ነው የሰለጠንነው? በሐሜት?»

«ማለቴ፣ ያንቺ ሰዎች ስፖርተኞች አይደሉም። ለጤናቸው የሚንቀሳቀሱ ሽማግሌዎች ናቸው።»

ሥጋ ሻጩ ሚልሄም ከነሽርጡ ብድግ አለ። ታውቀዋለህ፤ ቁመቱና ወርዱ እኩል ነው። «ሽማግሌ ማነው?»

«ጋሼ ሚልሄም፣ አንተን አላልኩም።»

«እሺ ማንን ነው? እማሆይን ነው?»

እማሆይ ማቲልድ መነጽራቸውን አስተካክለው ዊሳምን አዩት። የዚህን ከተማ ሕፃን ሁሉ ጆሮውን እየቆነጠጡ ጸሎት ያስተማሩት እሳቸው ናቸውና ዊሳም ሳያስበው እጁን ወደ ጆሮው ወሰደ።

አባ ኢስጢፋን ጠብ ስለማይወዱ ነገሩን እንደ ድሮው ወደ እመቤታችን ገፉት። «በበዓሉ ጨዋታ ይለይ። ያሸነፈ እስከሚቀጥለው በዓል ቁልፉን ይያዝ። የተሸነፈ ደጁ ላይ አይቁም።» ኮሚቴውም ተስማማ፤ ምሳ ደርሶ ነበር።

እኔ ያን ቀን ቤቴ ገብቼ በረንዳው ላይ ተቀመጥኩ። ከበረንዳዬ እስከ ሜዳው መንገድ ብቻ ነው ያለው። አንተ ከሄድክ ወዲህ እጄን የሚያሟሙቀው ነገር ቢኖር ያ ሜዳ ነው። እሱን ደግሞ ወስደህ፣ በየቀኑ ጠዋት መጋረጃ ስከፍት ያን ሸራ እንዳይ ልታደርገኝ! ባል ጥሎ መሄዱ የተለመደ ነው፤ ከሄደ በኋላ በመስኮት ትይዩ በሰፊው ተስሎ ሲስቅብሽ መኖሩ ግን አዲስ ፈጠራ ነው። በዚያች ሰዓት ልበቀልህ ወሰንኩ። ቡናዬን ጠጥቼ ስጨርስ ዕቅዱ ግማሽ ደርሶ ነበር።

የበዓሉን ጨዋታ ሕግ ትልልቅ ሰዓት በተሰቀለባቸው አዳራሾች ስትኖር ረስተኸው ይሆናል። እኛ ሰዓት የለንም። ሁለተኛው አጋማሽ የሚያልቀው መንግሥት መብራት ሲያጠፋ ነው። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ድርግም ይላል፤ አቡ ናዲም ጄነሬተሩን እስኪያስነሳ ድረስ ከተማው በሙሉ ጨለማ ነው። በዚያች ቅጽበት አየር ላይ ያለች ኳስ ካለች ሰው ሁሉ ትንፋሹን ይይዛል። የመረቡ ሰንሰለት ከጮኸ ነጥብ ነው። ካልጮኸ ኳሷ አልተወረወረችም። አባ ኢስጢፋን «ማን ሰማ?» ብለው ይጠይቃሉ፤ ይፈርዳሉ፤ አለቀ። አባትህ ነፍሱን ይማረውና ያን የሰንሰለት መረብ በሁለቱም ቅርጫት ላይ በእጁ ቀጥቅጦ የሰቀለው ለዚህ ነበር።

ዊሳም ሰኔንና ሐምሌን ልጆቹን ያንተን ቪዲዮ እያሳየ አሰለጠናቸው። ከቪዲዮህ ሁሉ የሚያከብሩት አንዱን ነው። «የጋስ እርምጃ።» አንተ ሻሽ በግንባርህ አስረህ «ይህን እርምጃ ለዓመታት ተመራምሬ የደረስኩበት ነው» ትላለህ።

ጋጣስ! ያቺ እርምጃ የተወለደችው በመነኮሳቱ ትምህርት ቤት ግቢ፣ እኔ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው። ቁምጣ ስለተከለከልን ከጉልበት በታች በሚወርድ ቀሚስ ነበር የምንጫወተው። ሁለተኛው እርምጃ ላይ ቀሚሱ ይይዘኛል። ስለዚህ እርምጃዬን አሳጠርኩት። ቀኝ፣ ግራ፣ በግራ እግሬ ለአፍታ ቆም፣ ኳሷን ዳሌዬ ሥር ሽጉጥ። የምትከላከለኝ ልጅ «ቆመች» ብላ ስትወርድ እኔ እወጣለሁ። ስሟም የቀሚስ እርምጃ ነው። አንተ ራስህ በእሷ ተሸውደህ በመቀመጫህ ከተዘረጋህ በኋላ ነው ለእናትህ «ይህችን ካላገባሁ እሞታለሁ» ያልካት። ያን ጊዜ የእርምጃዋን ባለቤት ታውቃት ነበር። ይኸው ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ቀሚሴን ለብሰህ የዓረብን አገር ስትዞር፣ አንድ ሰው እንኳ «ጌታዬ፣ ይህ ልብስ ከወገቡ ሰፋብዎ» አላለህም።

ግን ለተበዳይ የሚፈረድለት ባላሰበው በኩል ነው። ስልክህን ወደ ራስህ አዙረህ ስትቀርጽ ምስሉ እንደ መስታወት ይገለበጣል። ቀኝህ ግራ፣ ግራህ ቀኝ ሆኖ ይወጣል። የዊሳም ልጆች ደግሞ ታዛዦች ናቸው። ኳሷን በለመዱት በቀኝ እጃቸው ይዘው፣ እግራቸውን ግን ስልኩ እንዳሳያቸው ገልብጠው አጠኑ። ቀኝ እጅ በተገለበጠ እግር ሲሄድ ቀሚስ ሳይኖርም ይጠላለፋል። ልጁ ላለመውደቅ አንድ እርምጃ ይጨምራል። ያቺ ትርፍ እርምጃ ጥፋት ናት፤ ኳሷ ትወሰዳለች። በረንዳዬ ላይ በለስ እየበላሁ ሁሉንም አየሁ። ላርማቸው አፌን ከፈትኩ። ከዚያ አንድ በለስ ጨመርኩበት።

የእኔን ሰዎች ያሰለጠንኩት ደግሞ እንዲህ ነው። አካዳሚህ «ለሁሉም ደረጃ» ይላል፤ እኔ ግን ሁሉንም ደረጃ በአንድ ቡድን ውስጥ አለኝ፤ አንዳንዱ ደረጃ ገና ስም አልወጣለትም። ሚልሄም ልሩጥ ብሎ ሲያስቸግረኝ፣ «ተው። በሬ በሩን ጥሶ ሊያመልጥ ሲል እንዴት ነው የምትቆመው?» አልኩት።

እግሩን ከፍቶ፣ ጉልበቱን አጥፎ፣ ደረቱን ነፍቶ ቆመ። «እንዲህ።»

«በቃ። ሥልጠናህን ጨርሰሃል። እኔ ኳስ ይዤ ሳልፍ ከጎኔ እንዲህ ቁም፤ የሚከተለኝ ሁሉ ይጋጭብህ።»

እማሆይ ማቲልድ ከቅርጫት የተመለሰ ኳስ ለመልቀም የተፈጠሩ ናቸው፤ ግን ሕሊናቸው አስቸገረን። «ኖሃድ፣ ክርኔን ማውጣት ኃጢአት አይሆንብኝም?»

«እማሆይ፣ ወደ ጎን ካወጡት ኃጢአት ነው። እየዘለሉ ካወጡት ኳስ ማንሳት ነው።»

ትንሽ አሰቡ። «እንግዲያው እዘላለሁ።»

ፀጉር አስተካካዩና የፖስታ ቤቱ ሰውዬም ነበሩ። እነሱን በሁለት እጅ መቀባበልና ነጻ ውርወራ ብቻ ነው ያስተማርኳቸው፤ ዋናው ትምህርት ግን አለመቸኮል ነበር። ወጣት ኳስ ሲከለከል ያብዳል። እኛ ደግሞ ከመቸኮል የሚያድን ሪህ አለን።

ከበዓሉ በፊት ባለው ሳምንት ዊሳም አዲስ መረብ ይዞ መጣ። ነጭ፣ ለስላሳ፣ ሐር የመሰለ ነገር፣ በሚያብረቀርቅ ላስቲክ ተጠቅልሎ። መሰላል ላይ ወጥቶ አንዱን ሰንሰለት ፈታና ሐሩን ሰቀለ። ኳስ ሰደደበት። እውነቱን ልናገር፣ ያምራል።

«አየሽ አክስቴ? እንደ ሹክሹክታ ነው የሚወርደው! ድምፅ የለውም!»

«ምንም ድምፅ የለውም?»

«ምንም!»

«እንዴት ደስ ይላል» አልኩ።

ከዚያ ወደ ሁለተኛው ቅርጫት መሰላሉን ሲጎትት እናትህን ክንዷን ይዤ አመጣኋት። የአባትህን ሰንሰለት ሊያወርዱት ነው ብዬ ጆሮዋ ሥር ጮህኩ። የለቅሶዋን ዓይነት ታውቃለህ፤ እርግቦቹ ከጉልላቱ ተነሡ። ዊሳም መሰላሉን አጥፎ፣ «እሺ፣ እሺ፣ አንዱ ይቅር ለመታሰቢያ!» ብሎ ሸሸ። ስለዚህ በአንድ በኩል ሰንሰለት፣ በአንድ በኩል ሐር ሆነ። በሁለተኛው አጋማሽ የሚያጠቃውን ቅርጫት የመምረጥ መብት ያለው ደግሞ በዕድሜ የገፋው ቡድን ነው። ዘንድሮ የማን ቡድን እንደገፋ ማንም አልተከራከረኝም። እኔ ሰንሰለቱን መረጥኩ። ለአካዳሚህ ልጆች ሐሩ ቀረላቸው። ዊሳም እንዲያውም አመሰገነኝ።

ትናንት ከማታው ጸሎት በኋላ ሕዝቡ አጥሩን ሞላው። አንተ በግድግዳው ላይ ተሰቅለህ ከላይ ታየናለህ። እናትህን ከመስመሩ አጠገብ ወንበር አስቀምጠንላታል። የዊሳም ልጆች ሲያሟሙቁ ለማየት ያምራሉ፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ጫማ፣ አንድ ዓይነት ካልሲ። እኛ ስናሟሙቅ ሕዝቡ ዶክተር ይፈልግልን ጀመር።

«ኖሃድ፣ አምቡላንስ ልጥራ?» ብሎ ጮኸ አንዱ።

«ለእነሱ ጥራላቸው!» አለው ሚልሄም። «እኔ ቆሜ ነው የምጫወተው!»

ጨዋታው ሲጀመር ያንተ እርምጃ በረከቷን ታወርደው ጀመር። አንዱ ልጅ ኳስ ይዞ ገባ፣ ተጠላለፈ፣ እርምጃ ጨመረ። አባ ኢስጢፋን ፊሽካቸውን ነፉ። ሌላው ገባ። ፊሽካ። ሦስተኛው። ፊሽካ። ዊሳም ከመስመሩ ውጭ «የጋስ እርምጃ! የጋስ እርምጃ!» እያለ ይጮሃል፤ እነሱም እየታዘዙ ኳሷን ይሰጡናል። አባ ኢስጢፋን በመጨረሻ ፊሽካውን ከአፋቸው አውጥተው «ልጆቼ፣ ይህን ነገር ማን ነው ያስተማራችሁ?» ብለው ሲጠይቁ፣ ልጆቹ ሁሉ በአንድነት ወደ ሸራው ጠቆሙ። ሕዝቡ አንተን አየ። እኔም ቀና ብዬ አየሁህ። እንደዚያ ስትስቅ በትዳራችን ዘመን አላየሁህም።

እኛ በቀስታ ተጫወትን። የሚልሄም ትከሻ ላይ ስንት ወጣት እንደተላተመ እመቤታችን ትቁጠረው። እማሆይ ዘለሉ፤ አንድ ልጅ ጥርሱን እየዳሰሰ ወጣ፤ እማሆይ አማተቡለት። ሁለት ሰዓት ሲቃረብ በአንድ ነጥብ እየመራን ነበር። ሕዝቡ ዓይኑ ግማሹ ኳሷ ላይ፣ ግማሹ አምፖሉ ላይ ሆነ።

ከልጆቹ መካከል እግሯ ያልተገለበጠ አንዲት ብቻ ነበረች፤ የዳቦ ጋጋሪው ልጅ ናይላ። አንተ ስትሄድ ገና ጥርሷ የሚነቃቀል ልጅ ነበረች፤ አሁን በቁመት ከእኔ ትበልጣለች። ያን ቀን ሙሉ አንድም ጥፋት አልሠራችም። ለምን እንደሆነ ያኔ አልጠየቅኩም፤ ትንፋሽ አልነበረኝም።

የመጨረሻዋ ኳስ እሷ እጅ ገባች። ከሐሩ መረብ ሥር የቆምኩት እኔ ነኝ። ሚልሄም ከኋላ «ኖሃድ፣ መጣችብሽ!» አለ። መጣች። ቀኝ። ግራ። ግራ እግሯ ላይ ለአፍታ ቆም። ኳሷ ከዳሌዋ ሥር ጠፋች።

ጋጣስ፣ እርምጃዋን የፈጠርኩት እኔ ነኝ። አርባ አምስት ዓመት ስሠራበት ኖሬአለሁ። እኔው ራሴ «ቆመች» ብዬ ወረድኩ! ጉልበቴ ያን ጊዜ ነው ቀጭ ያለው። ልጅቷ ከላዬ ወጣች፣ ኳሷ ከጣቷ ለቀቀች፣ መብራቱም ድርግም አለ።

ጨለማ። ከተማው በሙሉ ትንፋሹን ዋጠ። የሕፃን ድምፅ እንኳ የለም።

«ማን ሰማ?» አሉ አባ ኢስጢፋን።

ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ደገሙት።

«ማን ሰማ?»

ከመስመሩ አጠገብ አንድ ድምፅ ተነሣ። «እኔ ሰምቻለሁ! ገብታለች!»

እናትህ ነበረች።

ሕዝቡ በጨለማ ውስጥ በሳቅ ፈነዳ። ሚልሄም ሆዱን ይዞ፣ «ኡም ጋጣስ፣ ምን ሰሙ?» ብሎ ጮኸላት።

«አዎ፣ መሽቷል!» አለች።

ከዚያ በኋላ ማን ይስማት? አባ ኢስጢፋን እንኳ በሳል አስመስለው ሲስቁ ሰማኋቸው። ከዚያ ድምፃቸውን አጠንክረው፣ «ኖሃድ፣ ቅርጫቱ ሥር ያለሽው አንቺ ነሽ» አሉ። «እመቤታችን ትሰማሻለች። የሰንሰለት ድምፅ ሰማሽ?»

«አባ፣ በእመቤታችን ስም፣ ምንም የሰንሰለት ድምፅ አልሰማሁም።»

መሐላዬ እንደ መስታወት የጠራ ነው፤ ስልክህ ካልገለበጠው በቀር።

የአቡ ናዲም ጄነሬተር አንዴ ሳለ፣ ሁለተኛ ሳለ፣ ተነሣ። መብራቱ ሲመጣ እኔ መሬት ላይ ተቀምጬ፣ ኳሷን ደረቴ ላይ አቅፌ ነበር። ሚልሄም እንደ ጠቦት አንሥቶ ትከሻው ላይ አወጣኝ። አረቄው ወጣ፣ ከበሮው ተመታ፣ እማሆይ ማቲልድ እንኳ እጃቸውን ከመጎናጸፊያቸው ሥር አውጥተው አጨበጨቡ። አባ ቁልፉን በአንገቴ አጠለቁልኝ። ዊሳም ሸራውን ሳያወርድ ሄደ።

እሱን እኔ አወረድኩት። አይዞህ፣ አልቀደድኩህም። ሥራ ሰጥቼሃለሁ። ዛሬ ጠዋት እያነከስኩ የክረምቱን ስንዴ ቀቅዬ ጣሪያው ላይ ዘረጋሁህና ፊትህ ላይ አሰጣሁት። ድንቢጦቹ ከጢምህ ጀመሩ። እናትህ ወጥታ አየችህና «ልጄ ስንት ዓመት ሙሉ ለቤቱ ምንም ሲሠራ አላየሁም ነበር» አለች። የሄደው ጆሮዋ ነው እንጂ ዓይኗ ደህና ነው።

አሁን ስጦታህ። ወንበር ካለህ ተቀመጥ።

ገብታለች።

ከቀለበት የተመለሰች ኳስ እየዘለለች፣ እየተሳደበች ነው የምትመጣው። ከመረብ የወረደች ኳስ ግን ነፍሷን ሰጥታ ነው የምትወርደው። ያቺ ኳስ እንደ ሕፃን ቀጥ ብላ ደረቴ ላይ ወረደች። ድምፅም ነበራት፤ የቀሚስ ጫፍ ከመሬት ሲሻሽ የሚያሰማው ዓይነት ሹክታ። እኔ ሰምቻታለሁ። አካዳሚህ አሸንፏል፣ ጋጣስ። ቁልፉ በደንቡ ያንተ ነበር። ይህን የሚነግርህ ሰው በዓለም ላይ እኔ ብቻ ነኝ፤ ይህን ደብዳቤ ይዘህ ለአባ ኢስጢፋን ብትልክ ደግሞ «ኖሃድ ባሏን ስታናድድ ነው» ብለው ይስቃሉ። ምስክር ብትፈልግ አለችህ፤ እናትህ። በል አሁን ተነሥና አስመስክራት።

አንተ የእኔን ስም ሰርዘህ የእኔን እርምጃ ወሰድክ። እኔ ደግሞ የገባችልህን ነጥብ ወሰድኩ፤ እንዳልገባች ሆና ትኑር። ሁለታችንም እውነቱን እናውቃለን፤ ማንም አያምነንም። እስካሁን ስንጋራው ከኖርነው ነገር ሁሉ ይህ የበለጠ እኩል ነው።

ደብዳቤውን እዚህ ላይ ልዘጋው ነበር፤ በሩ ተንኳኳ። ናይላ ናት። ከአባቷ ምድጃ የወጣ፣ የዘዓተር ቅመም የተነሰነሰበት ቂጣ ይዛለች፤ ጉልበቴን ለመጠየቅ። ተቀመጠች። ቂጣውን ቆረሰች። ሳታየኝ፣

«እትዬ ኖሃድ፣ ገብታለች አይደል?» አለች።

«ምኗ?»

«ያውቁታል።»

በረዶውን ወደ ሌላኛው የጉልበቴ ጎን አዞርኩት። «ቀኝ እግርሽ ትቸኩላለች» አልኳት። «ቆም ስትዪ ትከሻሽንም አሳምኚው። እርምጃዋን ከኮች ጋስ ቪዲዮ ነው ያጠናሻት?»

ሳቀች። «ከሱ ቪዲዮ ያጠናማ መሬት ላይ ነው ያለው! እኔ ከዳቦ ቤቱ መስኮት ነው የተማርኩት። ጠዋት ጠዋት ሜዳው ላይ ብቻዎን ሲለማመዱ እያየሁ።» ከዚያ ቂጣዋን አኝካ፣ «ግን እትዬ፣ አንድ ነገር ሁልጊዜ ልጠይቅዎት እፈልግ ነበር» አለች። «ማንም በሌለበት ሁልጊዜ አንድ ሰው ፊትዎ እንደቆመ አድርገው ነው የሚያልፉት። ቀና ብለው አይተውት፣ ሸውደውት፣ ከዚያ ዞር ብለው ያዩታል። ረጅም ሰው መሆን አለበት። ማነው?»

«በዚህ ከተማ ረጅም ሰው የለም» አልኳት። «ብዪ ቂጣሽን። ከሰኞ ጀምረሽ ከሰዓት በኋላ ሜዳ ነይ። መለያ አያስፈልግም።»

እንዲህ ነው እንግዲህ። ቁልፉን ወሰድኩ፣ ነጥቡን ወሰድኩ፣ ምርጧን ተጫዋችህንም ወሰድኩ። ሰው ሲበቀል እንደዚህ ሁሉ ነገር ሲሳካለት እንቅልፍ ይወስደዋል ብዬ ነበር።

እመቤታችን ጉልበትህን ትጠብቅልህ፣ ጢምህን ከድንቢጥ ትሰውርልህ፤ ስልክህን ስታዞር ግራና ቀኝህን ትለይልህ። የሞቀ አገር ነውና ውሃ በደንብ ጠጣ። እናትህ ትስምሃለች፤ የሳመችው ስንዴው የተሰጣበትን ነው፣ ግን ላንተ ነው።

በወረቀት ሚስትህ፣ በእጇ የሜዳው ቁልፍ ያዥ፣
ኖሃድ

ረስቼው፦ ያን የሐር መረብ አስፈትቼ ነጭ ሽንኩርት ሰቅዬበታለሁ፤ ለዚያ ጥሩ ነው። ዊሳም የፈታውን የአባትህን ሰንሰለት ከጓዳ አውጥቼ ዘይት ቀብቼዋለሁ። ወደ ቦታው ይመለስ፤ ከእንግዲህ የገባ ሁሉ ይሰማ። ድሮ አንተ መሰላል ሳትፈልግ እጅህን ዘርግተህ ነበር የምትሰቅለው። አሁን ሚልሄም እሰቅልልሻለሁ ብሏል፤ ጥሩ ሰው ነው፤ አንተን ማንም አልጠራህም። ሚልሄም ግን አጭር ነው።